ኬሊ ጆንሰንና ጥቁሩ አይሮፕላን

የታላላቅ ሰዎች የሕይወት ታሪክ በትምህርት ቤት መጽሔት ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚመረጡት ነገሥታት፥ የጦር መሪዎችና ደራሲዎች ናቸው። እኔ ግን ዘንድሮ ስለ አንድ መሐንዲስ ለመጻፍ አስቤአለሁ። ይህ ሰው ክላረንስ ሊዮናርድ ጆንሰን ሲሆን ዓለም የሚያውቀው ኬሊ ጆንሰን በሚለው ስሙ ነው። በሕይወቱ ዘመን በብዙ አይሮፕላኖች ንድፍ ላይ እጁን አሳርፏል፤ ከእነዚህም ውስጥ ዋናው በድብቅ ለስለላ ተሠርቶ በኋላ ለበረራ ምርምር አገልጋይ የሆነው ጥቁር አይሮፕላን ነው። የእኔም ጽሑፍ በይበልጥ የሚያዘነብለው ወደዚሁ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍኋቸው በአውሮፓ አቆጣጠር ስለ ሆነ አንባቢ ይህን ልብ ይበልልኝ።

አይሮፕላን ከሰሜን ኢትዮጵያ ሰው ጋር መጀመሪያ የተዋወቀው በክፉ ነው። በ1935ና በ1936 ፋሺስት ኢጣሊያ አገራችንን በወረረ ጊዜ ከሰማይ ይወርድ የነበረው ቦምብና የመርዝ ጢስ እንደ ነበረ ከታሪክ መጽሐፍ አንብበናል፤ ከአባቶቻችንም ሰምተናል። ስለዚህ በደባርቅ ወይም በዳባት ያለ አንድ ሽማግሌ የጦር አይሮፕላን ለሠራ ሰው ምስጋና ሲጻፍ ቢከብደው አልፈርድበትም። ጆንሰን የጦር መሣሪያ ሠሪ እንደ ነበረ አልሸሽግም። ነገር ግን የሠራው ነገር በመጨረሻ የዋለበትን ሥራ ሳነብ፥ ታሪኩ ለእኛ ለተማሪዎች የሚጠቅም ሆኖ ስላገኘሁት ነው ብዕሬን ያነሣሁት።

ጆንሰን የተወለደው ፌብሩዋሪ 27 ቀን 1910 በአሜሪካ አገር በሚሺጋን ክፍለ አገር፥ ኢሽፔሚንግ በምትባል የብረት ማዕድን በሚቈፈርባት ትንሽ ከተማ ነው። ወላጆቹ ከስዊድን የመጡ ስደተኞች ሲሆኑ አባቱ በግንባታ ሥራ የሚተዳደር ሰው ነበር። ከዘጠኝ ልጆች ሰባተኛው ሆኖ በድኽነት አደገ፤ በድኽነቱም ያፍር ነበር። በከተማው ቤተ መጻሕፍት ስለ አይሮፕላን የተጻፈውን ሁሉ ያነብ ስለ ነበር ገና በዐሥራ ሦስት ዓመቱ ለነደፈው አይሮፕላን ሽልማት አገኘ።

በትምህርት ቤት ልጆች ክላረንስ የሚለውን ስሙን ወደ ሴት ስም እየለወጡ ያፌዙበት ነበር። አንድ ቀን ትዕግሥቱ አልቆ ዋናውን ፌዘኛ ጠልፎ ቢጥለው የልጁ እግር ተሰበረ። ከዚያ በኋላ ልጆቹ እንዲህ ያለ ተደባዳቢ የአይርላንድ ሰው ስም ይገባዋል ብለው በጊዜው ይዘፈን ከነበረ ዘፈን ወስደው ኬሊ አሉት፤ ስሙም በዚያው ጸና። ይህን የማነሣው እግር መስበርን ላመሰግን አይደለም። ቍጣው እስከ ሽምግልናው አብሮት የኖረ ጠባዩ ስለ ሆነ ነው።

ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን በፍሊንት ከተማ በ1928 ጨርሶ፥ ለትምህርቱ የሚሆነውን ገንዘብ በግንባታ ሥራ እየለቀመ ወደ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ገባ። እዚያም ከሁሉ ይበልጥ የወደደው የነፋስ ዋሻ የሚባለውን መሞከሪያ ነበር። ይህ መሣሪያ ምን እንደ ሆነ ለስሜን ልጅ ማስረዳት ቀላል ነው። በገደሉ አፋፍ ላይ ቆሞ ያየ ሰው እንደሚያውቀው፥ ከቈላ ወደ ደጋ የሚወጣው ነፋስ ሲበረታ አሞራው ክንፉን ሳያራግብ በአንድ ቦታ ተንሳፎ ይቆማል። ሄያጁ ነፋሱ ነው፤ አሞራው ቋሚ ነው። የነፋስ ዋሻም እንዲሁ ነው። የአይሮፕላኑን ትንሽ ምሳሌ ሠርተው በዋሻው ውስጥ ካሰሩት በኋላ ነፋሱን በኃይል ይለቁበታል፤ ከዚያም ነፋሱ ወዴት እንደሚገፋውና እንደሚያነሣው ይለካሉ። በዚህ መንገድ ሰው ሳይሞት፥ ገንዘብም ሳይባክን፥ ያልተሠራው አይሮፕላን ጠባይ አስቀድሞ ይታወቃል። ጆንሰን ገና ተማሪ ሳለ ዋሻውን ሥራ በማይኖርበት ሰዓት ተከራይቶ የአውቶሞቢል ፋብሪካ ምሳሌዎችን እየሞከረ ገንዘብ ያገኝበት ነበር።

በዚያን ጊዜ ሎክሂድ የተባለው የካሊፎርኒያ ፋብሪካ ኤሌክትራ የሚባል ባለ ሁለት ሞተር የመንገደኞች አይሮፕላን ለመሥራት አስቦ ምሳሌውን ወደ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ልኮ አስመርምሮ ነበር። ፕሮፌሰሩ መልካም ነው ብሎ መሰከረ፤ ሙከራውን ይረዳ የነበረው ጆንሰን ግን አልተስማማም። በ1933 ሁለተኛውን ዲግሪውን ተቀብሎ በወር 83 ዶላር እየተከፈለው በዚያው ፋብሪካ ሲቀጠር፥ ገና ወንበሩ ሳይሞቅ ለዋናው መሐንዲስ ለሆል ሂባርድ አዲሱ አይሮፕላን በአየር ላይ ሚዛኑን የማይጠብቅ አደገኛ ነው ብሎ ተናገረ። አዲስ ተቀጣሪ ፋብሪካው የተማመነበትንና የገዛ አስተማሪው የመሰከረለትን ሥራ ሲነቅፍ ብዙ አለቃ የሚያደርገው የታወቀ ነው። ሂባርድ ግን አላባረረውም። ምሳሌውን አስይዞ ችግሩን ራስህ ፍታው ብሎ ወደ ሚሺጋን መልሶ ሰደደው። ጆንሰንም ከሰባ ጊዜ በላይ ሞክሮ በመጨረሻ አንዱን የቆመ ጅራት በሁለት ለውጦ በጅራቱ ዳርና ዳር በማድረግ አይሮፕላኑን አረጋው። በ1934 ኤሌክትራ በደኅና በረረ። እኔ በዚህ ታሪክ ከጆንሰን እኩል ሂባርድን አደንቃለሁ።

ከዚህ በኋላ ያሉትን ዓመታት ባጭሩ አልፋለሁ። በ1939 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው ባለ ሁለት ግንድ ተዋጊ አይሮፕላኑ ፒ-38 በዘመኑ እጅግ ፈጣን ነበር። ነገር ግን ከከፍታ ወደ ታች ሲወረወር ጅራቱ ይንቀጠቀጥና አብራሪው ሊያቃናው ያቅተው ነበር፤ በ1941 አንድ የሙከራ አብራሪ ሞቷል። ምክንያቱ አይሮፕላኑ ወደ ድምፅ ፍጥነት ሲቃረብ አየሩ እንደ ወትሮው ዘወር ማለትን ትቶ በክንፉ ላይ የሚታመቅ መሆኑ ነው። ይህን ለመመርመር የሚበቃ ዋሻ የነበረው በዚያን ጊዜ ናካ ይባል የነበረው፥ ከ1958 ወዲህ ናሳ የተባለው፥ የመንግሥት የምርምር መሥሪያ ቤት ብቻ ነበር። የዚህም መሥሪያ ቤት ተመራማሪዎች ረድተውት መፍትሔው ተገኘ። አንባቢ ይህን ብድር ያስታውስ፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

በ1943 መንግሥት የጄት ተዋጊ አይሮፕላን በአስቸኳይ ቢጠይቀው፥ ጆንሰን ጥቂት መሐንዲሶችና መካኒኮች መርጦ ከሰርከስ ድንኳን በተሠራ ጣራ ሥር ሥራውን ጀመረ። አጠገቡ መጥፎ ሽታ የሚያወጣ የፕላስቲክ ፋብሪካ ስለ ነበረ ሠራተኞቹ በቀልድ ለቦታው ያወጡለት ስም ስካንክ ዎርክስ ኋላ በዓለም ታወቀ፤ ስካንክ እንደ ጥርኝ ያለ የሚገማ አውሬ ነው። አይሮፕላኑ በ143 ቀን አለቀ፤ በጃንዋሪ 1944ም በረረ። ከዚሁ ዘር የወጣው ቲ-33 የተባለው ባለ ሁለት መቀመጫ ማስተማሪያ ጄት በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የኢትዮጵያ አየር ኃይል በደብረ ዘይት አብራሪዎቹን ያሠለጥንበት ነበር። ስለዚህ የዚህ ሰው እጅ ሥራ ለአገራችን ሰማይ እንግዳ አይደለም።

የአሠራሩ ደንብ ቀላል ነበር። ሠራተኛው ጥቂት ይሁን፤ ንድፍ አውጪው ከሚሠራው መካኒክ ርቆ አይቀመጥ፤ ወረቀት አይብዛ፤ ማናቸውም ማሽን በጦር ሜዳ ያለ ተራ መካኒክ በተራ መፍቻ ሊጠግነው የሚችል ይሁን። ስሕተት ሲያይ ይቈጣል፤ ግን በሐሳብ የሚከራከረውን ሠራተኛ አይጠላም፤ በሃያ አምስት ሳንቲም ይወራረድና ሲሸነፍ ይከፍላል። አንድ ጊዜ በሃይድሮጂን የሚሠራ አይሮፕላን እንዲሠራ ገንዘብ ተሰጥቶት ሳለ፥ አይሮፕላኑ ሩቅ ሊሄድ እንደማይችል ባረጋገጠ ጊዜ ሥራው ይቅር ብሎ ያልወጣውን ገንዘብ መልሷል። ይሁን እንጂ ያልታየው ነገርም ነበር። ሎክሂድ ሄርኩለስ የተባለውን የጭነት አይሮፕላን ለመሥራት ሲነሣ ፋብሪካውን ያከስረዋል ብሎ የተቃወመው እርሱ ነው። ያ አይሮፕላን ግን በመላው ዓለም ተሸጠ፤ በ1984ና በ1985 በአገራችን በረሃብ ጊዜ እህል ተሸክሞ በደጋው ላይ ዝቅ ብሎ እየበረረ ያራግፍ የነበረውም ይኸው ሄርኩለስ ነው።

አሁን ወደ ስለላው አይሮፕላን እንምጣ። አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት ጦር ሳይማዘዙ በሚፈራሩበት ዘመን ጆንሰን ዩ-2 የሚባለውን ረጅም ክንፍ ያለው አይሮፕላን ሠራ። ይህ በኦገስት 1955 የበረረ አይሮፕላን ከፍ ብሎ ፎቶግራፍ የሚያነሣ ነበር፤ ፍጥነት ግን አልነበረውም። ሜይ 1 ቀን 1960 በሶቪየት ሰማይ ላይ በሮኬት ተመቶ ወደቀ። ጆንሰን ይህ ቀን እንደሚመጣ አስቀድሞ ስላወቀ፥ በከፍታም በፍጥነትም ሮኬት የማይደርስበትን ሌላ አይሮፕላን ሲነድፍ ቆይቶ ነበር። ዐሥራ ሁለተኛው ንድፍ ተቀባይነት ስላገኘ ኤ-12 ተባለ፤ በ1962ም በረረ። ከዚህ ከአንድ ቤተ ሰብ ሁለት ወንድሞች ተወለዱ፤ አንዱ በ1963 የበረረው ዋይ ኤፍ-12 የተባለው ተዋጊ ሲሆን፥ ሁለተኛው ዲሴምበር 22 ቀን 1964 የበረረው ኤስ አር-71 የተባለው ቃኚ ነው። በቀለማቸው ምክንያት ብላክበርድ፥ ማለትም ጥቁር ወፍ ይሏቸዋል።

በጁላይ 1976 ኤስ አር-71 በሰዓት 3,529 ኪሎ ሜትር በመብረር የዓለምን ክብረ ወሰን አስመዘገበ። በዚህ ፍጥነት ከዳባት ደባርቅ የግማሽ ደቂቃ ያህል መንገድ ነው። ከደባርቅ ጎንደር ያለው አንድ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ደግሞ ሁለት ደቂቃ አይሞላም፤ የአውቶቡሱ ረዳት ተሳፋሪ ጠርቶ ሳይጨርስ ደርሷል ማለት ነው። በዚያው ጊዜ የተመዘገበው ከፍታ 25,929 ሜትር ነው። ራስ ደጀንን አምስት ጊዜ በራሱ ላይ ብንቈልለው እንኳ አይደርስበትም።

እንዲህ ያለው ፍጥነት ዋናው ጠላቱ ሙቀት ነው። በዚያ ከፍታ ያለው አየር ከዜሮ በታች 50 ዲግሪ ግድም የሚቀዘቅዝ ሲሆን፥ አይሮፕላኑ ሲያምቀውና ሲፋተገው ግን የአይሮፕላኑ ገላ በአንዳንድ ቦታ ከ300 ዲግሪ በላይ ይግላል። እንጀራ የሚጋገርበት ምጣድ እንኳ ይህን ያህል አይግልም። አሉሚኒየም በዚህ ሙቀት ስለሚልም ጆንሰን ቲታኒየም የሚባለውን ቀላልና ጠንካራ ብረት መረጠ። አሜሪካ በቂ ቲታኒየም ስላልነበራት ከሶስተኛ ወገን እየተገዛ የመጣው ከዚያው ከሚሰለለው ከሶቪየት አገር ነበር፤ ሻጮቹ ለምን እንደሚውል አላወቁም።

ቲታኒየምም ቢሆን ያስቸገረው አስቸገረ። የብሎኖቹ ራስ አንድ ሁለት ጊዜ ከጋለ በኋላ እየረገፈ ቢያስቸግራቸው ምክንያቱን ሲፈልጉ መፍቻዎቹ የተለበጡበት ካድሚየም የሚባል ብረት ሆኖ ተገኘ፤ የየሠራተኛው የመሣሪያ ሣጥን ተፈትሾ ካድሚየም ያለው መፍቻ ሁሉ ተለቀመ። እንደዚሁም በበጋ የተበየዱት ክፍሎች ቶሎ ሲበላሹ በክረምት የተበየዱት ይጸኑ ነበር። ቢመረምሩት የከተማው ውሃ በበጋ ክሎሪን ይበዛበት ስለ ነበረ ክፍሎቹ የሚታጠቡበት ውሃ ብረቱን እየበላው ኖሯል፤ ስለዚህ በተጣራ ውሃ ማጠብ ጀመሩ። እንዲህ ያለውን ነገር መጽሐፍ አስቀድሞ አይነግርም።

በደባርቅ የቆርቆሮ ጣራ ባለበት ቤት ያደረ ሰው ጠዋት ፀሐይ ሲመታው፥ ማታም ብርዱ ሲገባ ጣራው ሲንጣጣ ይሰማል፤ ቆርቆሮው በሙቀት ስለሚለጠጥ በብርድም ስለሚሰበሰብ ነው። ጥቁሩ አይሮፕላንም በበረራ ላይ እየጋለ ርዝመቱ ይጨምር ነበር። ለዚህም ሲባል መጋጠሚያዎቹ ላላ ተደርገው ስለ ተሠሩ መሬት ላይ ሲቆም ነዳጁ ይንጠባጠባል፤ ነዳጁ ግን ክብሪት ቢጭሩበት እንኳ በቀላሉ የማይቀጣጠል ልዩ ነዳጅ ነበር። ጥቁር ቀለም የተቀባውም ጥቁር ነገር ሙቀቱን ወደ ውጭ አብልጦ ስለሚለቅ ነው።

ኤስ አር-71 በጠቅላላው 32 ተሠርቶ 12ቱ በአደጋ ጠፍተዋል፤ በጠላት ተመትቶ የወደቀ ግን አንድ ስንኳ የለም። በ1968 መጀመሪያ የአሜሪካ መንግሥት አይሮፕላኖቹ የሚሠሩባቸው ማሽኖችና ቅርጽ ማውጫዎች ሁሉ እንዲሰባበሩ አዘዘ። ጆንሰን እጅግ አዘነ፤ ነገር ግን ትእዛዝ ነውና ተፈጸመ። የዓመታት ድካም የፈሰሰባቸው መሣሪያዎች ተቈራርጠው ቁርጥራጭ ብረት ሆኑ። በዚህ ሰው ታሪክ ውስጥ ይህን ያህል ያሳዘነኝ ነገር የለም። ከዚያ በኋላ ያሉት አይሮፕላኖች ብቻ ቀሩ፤ አንዱ ቢወድቅ የሚተካው የለም።

ተራው የምርምር ሰዎች የሆነው በዚህ ጊዜ ነው። ናሳ ከድምፅ በላይ የሚበርሩ የመንገደኞች አይሮፕላኖች የሚሠሩበትን ዕውቀት ይፈልግ ስለ ነበረ፥ በ1969 ከአየር ኃይሉ ጋር ተዋውሎ ሥራ ፈትተው የቆሙትን ሁለት ዋይ ኤፍ-12 ተረከበ። የመጀመሪያው የምርምር በረራ በዲሴምበር 1969 በካሊፎርኒያ ምድረ በዳ በሚገኘው በኤድዋርድስ የአየር ጣቢያ ተደረገ። በ1971 ከሁለቱ አንዱ በበረራ ላይ እሳት ተነሥቶበት ወደቀ፤ ሁለቱ አብራሪዎች በጃንጥላ ወርደው ዳኑ። አየር ኃይሉም በምትኩ አንድ ኤስ አር-71 ሰጠ። ነገር ግን ናሳ ኤስ አር-71 እንዳለው እንዳይታወቅ ዋይ ኤፍ-12 ሲ የሚል ስምና የሌላ አይሮፕላን ቍጥር ተለጠፈበት። የሌላውን ተማሪ ስም ይዞ ወደ ፈተና አዳራሽ እንደ ገባ ተማሪ ማለት ነው፤ ልዩነቱ ይህኛው በአለቆቹ ትእዛዝ የገባ መሆኑ ነው።

ተመራማሪዎቹ ምን ሠሩ ቢባል፥ ከሁሉ አስቀድመው ሙቀቱን ከነፋሱ ግፊት ለይተው ማወቅ ፈለጉ። አይሮፕላኑ በሚበርርበት ጊዜ ክንፉ በሁለት ምክንያት ይጨነቃል፤ አንደኛ ነፋሱ ስለሚገፋው፥ ሁለተኛ ገላው ስለሚግል። በክንፉ ላይ የተለጠፉት መለኪያዎች የሚናገሩት የሁለቱን ድምር ነው። ታዲያ የየብቻቸው እንዴት ይታወቃል? ዘዴው እንዲህ ነው። አይሮፕላኑን ወደ አንድ ትልቅ ቤት አስገብተው በብዙ የሙቀት መብራቶች ከበቡትና በበረራ ጊዜ የሚደርስበትን ሙቀት ነፋስ በሌለበት ቦታ አደረሱበት። መለኪያዎቹ በዚህ ጊዜ የሚያሳዩት የሙቀቱን ብቻ ነው። ይህን ከበረራው ድምር ላይ ሲቀንሱት የቀረው የነፋሱ ግፊት ይሆናል። አንድ ተማሪ በሦስተኛ ክፍል የሚማረው መቀነስ ነው፤ ለመቀነስ ግን አንድ ሙሉ አይሮፕላን መጥበስ ነበረባቸው።

ሁለተኛው ሙከራ ከሁሉ ይበልጥ የገረመኝ ነው። የነፋስ ዋሻ የሚናገረውና የሒሳብ ቀመር የሚናገረው ሙቀት በእውነተኛው ሰማይ ላይ ካለው ጋር ይስማማ እንደ ሆነ ለማወቅ፥ ከማይዝግ ብረት የተሠራ ውስጠ ባዶ ቧንቧ በአይሮፕላኑ ሆድ ሥር አንጠለጠሉ። ቧንቧውን ፈሳሽ በሆነ ናይትሮጂን እጅግ አቀዝቅዘው ሙቀት በማያስገባ ልባስ ሸፈኑት። አይሮፕላኑ የድምፅን ፍጥነት ሦስት እጥፍ በደረሰ ጊዜ ልባሱን በሚፈነዳ ገመድ ገነጣጥለው ጣሉት። ቀዝቃዛው ብረት በድንገት በሚያቃጥለው ነፋስ ውስጥ ሲገባ በየቅጽበቱ ምን ያህል ሙቀት እንደ ጠጣ ተለካ። እንዲህ ያለ ፈተና በምድር ላይ ባለ በማናቸውም ዋሻ በዚህ መጠን ሊደረግ አይችልም ነበር። ዋሻው አይሮፕላኑን ሲያስተምረው ኖሮ፥ አሁን ደግሞ አይሮፕላኑ የዋሻው ፈታኝ ሆነ። ከላይ ያነሣሁት የጆንሰን ብድር በዚህ የተከፈለ ይመስለኛል።

ሦስተኛው የሞተሩ ነገር ነው። ጄት ሞተር ከድምፅ በላይ የሚሮጥ አየር ሊውጥ ስለማይችል፥ በሞተሩ አፍ ላይ ያለ ሾጣጣ ነገር ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየሄደ አየሩን ያበርደዋል፤ ማለት ፍጥነቱን ይቀንሰዋል። ሾጣጣው በጥቂት ቢሳሳት ሞተሩ አየሩን ይተፋል፤ አይሮፕላኑም በድንገት ወደ አንድ ወገን ስለሚዞር የአብራሪው ራስ ከመስተዋቱ ጋር እስኪጋጭ ድረስ ይወረወራል። የናሳ ሰዎች በዚያ ሐሰተኛ ስም በተሰጠው አይሮፕላን ላይ የሾጣጣውንና የአይሮፕላኑን አመራር አንድ ላይ በኮምፒዩተር የሚያስተባብር ዘዴ በ1978 ሞከሩ። ከዚህ የተገኘው ትምህርት በኋላ ወደ አየር ኃይሉ ኤስ አር-71ዎች ተመልሶ ለሥራ ዋለ። ምርምሩ በ1979 እስኪያበቃ ድረስ ወደ ሦስት መቶ የሚጠጉ በረራዎች ተደርገዋል።

ጆንሰን በበኩሉ በ1975 ጡረታ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ በአማካሪነት ብቻ ያገለግል ነበር። የመጀመሪያ ሚስቱ በ1969፥ ሁለተኛይቱም በ1980 ሞተውበት ሦስተኛ አግብቶ ነበር። ታሞ በነበረበት ጊዜ የድሮው ዩ-2ም ሌላ ሕይወት አገኘ። ከእርሱ የወጣው የናሳ ኢ አር-2 በ1987 ከደቡብ አሜሪካ ጫፍ ተነሥቶ በአንታርክቲካ ላይ በመብረር፥ ከፀሐይ ጎጂ ጨረር የሚጠብቀን የኦዞን ንጣፍ የሳሳበትን ምክንያት የሚያስረዳ አየር ለካ። ሰዎችን ለመሰለል የተሠራው ዓይን ሰዎች ሁሉ የሚተነፍሱበትን ሰማይ መረመረ።

በ1990 መጀመሪያ አየር ኃይሉ ወጪው በዝቶብኛል ብሎ ኤስ አር-71ን ከአገልግሎት አወጣ። በማርች 6 አንዱ ወደ ሙዚየም ሲወሰድ ከሎስ አንጀለስ እስከ ዋሺንግተን ያለውን አገር በ64 ደቂቃ አቋረጠ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር 21 ቀን ጆንሰን በቡርባንክ ከተማ በ80 ዓመቱ ዐረፈ። ሥራ ካቆሙት መካከል ሦስቱ ለናሳ መሰጠታቸውን ያህል ያየ ሲሆን፥ የሠሩትን ግን ለማየት አልበቃም።

ከነዚህም በአንዱ በ1991 ማርታ ቦን-ማየር የተባለች መሐንዲስ በኤስ አር-71 የሠራተኛነት ቦታ የበረረች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች፤ ይህን እኅቶቻችን ቢያነቡት እወዳለሁ። በ1993 በአፍንጫው ውስጥ ካሜራ ተተክሎለት፥ ዱሮ ቍልቍል ምድርን ይሰልል የነበረው አይሮፕላን ሽቅብ ወደ ከዋክብት ተመለከተ፤ የኦዞኑ ንጣፍ ወደ ምድር የማያሳልፈውን የከዋክብት ብርሃን ለመያዝ ነው። በ1995 ከድምፅ በላይ የሚበርር አይሮፕላን ወደ ምድር የሚለቀው ነጎድጓድ እንዴት እንደሚጓዝ ለማጥናት በረረ። በ1997ና በ1998 ደግሞ አዲስ ዓይነት የሮኬት ሞተር በጀርባው ተሸክሞ ወጣ፤ ነገር ግን ፈሳሽ ኦክሲጅኑ ስላፈሰሰ ሞተሩ በአየር ላይ ሳይለኰስ ቀረ። ምርምር ሁሉ በድል አይጠናቀቅም።

የመጨረሻው በረራ ኦክቶበር 9 ቀን 1999 በኤድዋርድስ ሕዝብ እያየ ተደረገ። ያ አይሮፕላን በዚያው በናሳ ቅጥር ግቢ ቆሟል። በምርምሩ ዘመን ያልወደቀው ዋይ ኤፍ-12 በኦሃዮ በዴይተን ከተማ ባለው የአየር ኃይል ሙዚየም ይገኛል። አብራሪዎች ይማሩበት የነበረው፥ ከፍ ያለ ሁለተኛ መቀመጫ ያለውና ናሳም ሲጠቀምበት የቆየው ኤስ አር-71 ቢ ደግሞ የተወሰደው ወደ ሚሺጋን ነው፤ የግንበኛው ሰባተኛ ልጅ በተወለደበት ክፍለ አገር፥ በካላማዙ በአንድ ሙዚየም ጣራ ሥር ቆሟል።